ፍሬሕይወት ለእድራችን የሠራችው ቋንቋ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ የሞተ ዕለት ጥሩምባ የሚነፋለት ጠፍቶ ግማሹ ሰፈር ሳይሰማ ተቀበረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ሞት ሲለፍፍ የኖረ ሰውዬ የራሱን የሚለፍፍለት አጣ። ወይ ጉድ! ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እኔ መሰለች እባላለሁ፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ ምሰሶው፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ በእኔ ቁልፍ ነው። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ድስት ተውሰው ሳያጥቡ ከሚመልሱ ሰዎች ጋር ስኖር አርጅቼ ቁጡ ካልሆንኩ ምን ልሁን? «ልቅሶ ቤት እንባ የላትም» ይሉኛል ደግሞ። እሱም ልክ ነው። ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል ሳይ ኖሬ እንባዬ ደርቋል። ሰው ደረቱን ሲደቃ እኔ ጥግ ቆሜ ምሰሶ ስቆጥር ነው የምገኘው።

ፍሬሕይወት የሰፈራችን ልጅ ናት። እዚሁ አዳማ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ ተዳረች፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ባሏ ዘካርያስ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል፤ ሳምንቱን እዚያ ሰንብቶ እሑድ እሑድ ይመጣል። የእሷ ሥራ ኮምፒውተር ነው። እኔ ኮምፒውተር ሲባል ጽሕፈት ቤት መስሎኝ አንድ ቀን «እስቲ ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፊልኝ» ብላት ሳቀችብኝ። ያኔ ትስቅ ነበር።

«እኔ ቋንቋ ነው የምሠራው፣ እትዬ» አለችኝ።

«ያሉት አነሱና?»

«የሚወራበት አይደለም። ባቱ አበባ እርሻ አለ አይደል? ፓምፑን የሚያውቀው የእርሻው ሠራተኛ ነው፤ ለኮምፒውተር መንገር የሚችለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። መሀል ላይ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ለነሱ ሥራ ብቻ የሚሆን ትንሽ ቋንቋ እሠራላቸዋለሁ። ታንከሩን በክብ ይሥላሉ፤ ቧንቧውን በመስመር። ታንከሩ ላይ ‹ሲሞላ ዝጋ› ብለው ይጽፋሉ። ኮምፒውተሩ ሥዕሉንም ጽሑፉንም አንድ ላይ አንብቦ ያዛል።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም አይጽፉትም?»

«የትኛው ቧንቧ ወዴት እንደሚሄድ ሲጻፍ ሰው ይጠፋዋል። ሲሣል በአንድ ዓይን ይታያል።»

«እንግዲያው ሁሉንም ይሣሉት።»

«እስቲ ‹ሲሞላ›ን ይሣሉልኝ።»

አሰብኩ። እምቢ አለኝ። ሙሉ ታንከር ይሣላል፤ ባዶም ይሣላል፤ «ሲሞላ» ግን በምን ይሣላል? «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አልኳት ሌላ የምለው ባጣ። «እሱን እኮ ነው የምልዎት፤ ቡዳ ላለመሆን ነው ሥራዬ» ብላ እንደገና ሳቀች።

ከዚያ ወለደች። ወንድ ልጅ ነበር። ሁለት ቀን ኖሮ በሦስተኛው ጠዋት ሞተ።

ዘካርያስ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳር ቀብሮት መጣ። የእድራችን ደንብ የታወቀ ነው። አርባ ቀን ላልሞላው ሕፃን አይለፈፍም፣ ድንኳን አይጣልም፣ ልቅሶ አይቀመጡም። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ብቅ ብሎ ጠየቃት። «ጦስሽን ይዞ ይሂድ» አሏት። «ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካል» አሏት። እኔም ስኳር ይዤ ሄጄ የሁሉንም ደገምኩ። እሷ «እሺ» ትላለች። «ሻይ ጠጡ» ትላለች። ብርጭቆ ታጥባለች። ሳይሰነብት ሥራ ገባች።

«ጠንካራ ናት» አለ ሰፈሩ። ምን ጠንካራ! የደረቀ ሰው እኔ አውቃለሁ፤ ቤቴ መስታወት አለ። እኔ ግን የደረቅሁት አርጅቼ ነው፤ እሷ ገና ሠላሳ አልሞላትም። አንድ እሑድ ዘካርያስ አጥሩ ጋ ጠብቆኝ፣ «እትዬ፣ እንደ እንግዳ ነው የምታስተናግደኝ። ትቀልበኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ አትቆጣኝም። ስለ ልጁ ባነሳ ‹እሺ› ትለኛለች። እንዲህ ከቆየን መምጣቴም የሚቀር ይመስለኛል» አለኝ። ፈራሁ። ይቺ ልጅ ልቅሶዋን ካላወጣች ባሏንም ራሷንም ታጣለች ብዬ ፈራሁ። ግን ደንብ ነው፤ ምን ላድርግ? የማይጣል ድንኳን ጠባቂ ነኝ እኔ።

ጥሩምባ ነፊው እንዲያ ሆኖ ከተቀበረ በኋላ የእድሩ ዳኛ ነገሪ ሰበሰበን። ነገሪ ፍርድ ቤት ሲሠራ ጡረታ የወጣ፣ ደንብ ሲነካበት አንገቱ የሚቆም ሰው ነው። ጸሐፊያችን አብደላ ደግሞ ባለባጃጅ ነው፤ ችኩል፣ እጁ ከስልክ የማይለይ። «ከእንግዲህ በስልክ ይሁን» ተባለና ፍሬሕይወትን ለመንናት። «እሺ» አለች። ያኔ ሁሉንም እሺ ትል ነበር።

«ለእድር ብቻ የሚሆን ቋንቋ እሠራለሁ» አለች፤ «ደንባችሁን ራሳችሁ ትሥሉታላችሁ። ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ከሥዕሉ አንብቦ ለየቤቱ መልእክት ይልካል።»

እሑድ እሑድ ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ከድስቶቼ መሀል ቁጭ እያልን ጀመርን። መጀመሪያ ያመጣችው ሥዕል በአንድ ማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ነበረው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ ነገሪ። «ውሳኔ ነው። ሟቹ አባል ነው ወይስ ቤተሰብ የሚለው እዚህ ይለያል።» አብደላ አንገቱን ዘመም አድርጎ አየና፣ «አቦ፣ ይሄማ የትራፊክ ምልክት ነው። መለየት ከሆነ መንታ መንገድ ሥይው፤ ማንም ያውቀዋል» አላት። አልተከራከረችም። አጥፍታ መንታ መንገድ አደረገችው። ድንኳኑ ድንኳን፣ ድስቱ ድስት ሆኖ ተሣለ።

ነገሪ ከየቤቱ ወደ ድንኳኑ መስመር ሲያሰምር ውሎ ሥዕሉ የሸረሪት ድር ሆነ። እሷ ቤቶቹን ከበብ ከበብ አድርጋ ላይኛው ጎጥና ታችኛው ጎጥ አለቻቸውና ከየጎጡ አንድ መስመር ብቻ አወጣች። ነገሪ ደስ ሲለው ጊዜ አንዱ ሳጥን ውስጥ ሙሉውን መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ ጀመረ፤ «ሕግ ይጻፋል እንጂ አይሣልም!» አብደላ ደግሞ «የሚያነበው ማን ነው? ሥዕል ብቻ ይሁን!» ተጯጯሁ። እሷ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ማን ወደ ማን የሚለው ይሣል። መቼ፣ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍ» አለች። ለሚጻፈውም ጥቂት ቃል ብቻ ፈቀደች፤ ይመጣል፣ ያመጣል፣ ይቀመጣል። ከነዚህ ሌላ ከተጻፈ አይቀበልም። እኔ ተነስቼ፣ «‹ይመልሳል› የሌለበት ቋንቋ ቋንቋ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። እሱን ጨመረችልኝ። እሰይ!

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው አንስታ ደንግጋ ነበር። ሥዕሉ ላይ ለየሟቹ ዓይነት የተሣለ ሳጥን ሁሉ ወደ ሆነ ነገር የሚሄድ መስመር ሊኖረው ይገባል። መስመር የሌለው ሳጥን ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ካለ ደግሞ ምንም አይሠራም። ለአበባ እርሻው ስትሠራ የለመደችው ነው፤ አንድ ታንከር ቧንቧ ሳይሣልለት እንዳይረሳ።

አባል አስገባን። ባልና ሚስት አስገባን። እናት አባት፣ ልጆች። በመጨረሻ ነገሪ «ከአርባ ቀን በታች» ብሎ አንድ ሳጥን ሠራና ተወው። ሳጥኑ ቀይ ሆነ።

«ይሄን ቀይ አጥፊው፣ ልጄ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

«የትም አይሄድም።»

«‹የትም› የሚል ቃል ቋንቋው የለውም፣ ጋሽ ነገሪ።»

«እንግዲያስ ‹ምንም› በዪው።»

«‹ምንም›ም የለውም።»

ያኔ ሁላችንም ባንዴ አስታወስን። አብደላ ስልኩን አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ነገሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ደንቡ እኮ ነው፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። አንድ ቃል እጨምራለሁ።»

ጻፈች። «ዝም»። ሳጥኑ ላይ «ዝም» ሲባል ቀዩ ጠፋ። ነገሪ የተጨነቀውን ለማስታገስ ብሎ፣ «ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለ። እሷ «እሺ» አለች። እኔ ንድድ ብሎኝ አንዱን ድስት አንስቼ ሌላው ላይ ወረወርኩት። ማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ መሞከር ነበረበት። ለመሞከር ደግሞ ሰው መሞት አለበት። «የአንድ ሟች ስም ስጡኝ» አለች።

ይኼ ነው ያስቸገረን። «የአንዳችንን እናት እናድርጋ» ቢል አብደላ ነገሪ ጮኸበት፤ «ሟርተኛ! እናቴ በሕይወት አለች!» የፈጠራ ስም ይሁን አልኩ። «በዚህ ከተማ ያ ስም ያለው ሰው ቢኖርስ? ቆሞ የሚሄድን ሰው ሞተ ብሎ መለፈፍ ደግ ነገር አይደለም» አለ ነገሪ። እውነቱን ነው፤ እኔም ውስጤ አልወደደውም ነበር። ጥሩምባ ነፊውን እንዳንል ሚስቱ ገና ጥቁሯን አላወለቀችም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች የሚሞት ሰው አጥተን ተፋጥጠን ቀረን።

«የኔን ልጅ አስገቡት» አለች ፍሬሕይወት። «እሱ ሞቷል። ሟርት አይሆንበትም።»

ስለ ዕቃ የምታወራ ነበር የሚመስለው። ማንም እሺ አላለም፤ ማንም እምቢ አላለም። ከ«ዝም» ሳጥን መልእክት ስለማይወጣ ለሙከራው ብላ የትልልቆቹ ልጆች ሳጥን ውስጥ አስገባችው። «ወደ አራታችን ስልክ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሲደርሳችሁ ንገሩኝ» ብላ፣ ተጭናው፣ ኮምፒውተሯን አጥፍታ ቤቷ ገባች። ማጠብ የጀመረችው ልብስ ነበራት።

ስልኬ ጮኸ። የነገሪ ጮኸ። ከዚያ የጎረቤቱ ጮኸ፤ ከዚያም የባለሱቁ። «አብደላ!» አልኩ። አብደላ ፊቱ አመድ መሰለ። ጠዋት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ጊዜ ተርፎት፣ እግረ መንገዱን ብሎ፣ የአባላቱን ስልክ ቁጥር በሙሉ አስገብቶት ኖሯል። መልእክቱ እንዲህ ይላል፤ «የፍሬሕይወትና የዘካርያስ ልጅ አርፏል። ታችኛው ጎጥ ድንኳን ያመጣል። ላይኛው ጎጥ ውሃ ያመጣል። ሁሉም ይመጣል፣ ይቀመጣል።»

«ዋቃዮ!» አለ ነገሪ። «ሩጥ፣ ሙከራ ነው በላቸው!» አብደላ በባጃጁ ከነፈ። ግን የእኛን ሰው አታውቁትም። እድር ከጠራ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠይቃል። የታችኛው ጎጥ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊቴ ቆመዋል። ከፊት ሀጂራ ናት፤ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠዋ ወሎዬ፣ የሃያ ዓመት ወዳጄ።

«መሲ፣ ክፈቺ።»

«ሙከራ ነው፣ ሀጂራ። ስልኩ ተሳስቶ ነው።»

«ልጁ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«ሞቷል።»

«ድንኳን ተጥሎለታል?»

«አልተጣለለትም።»

«ምኑ ነው ታዲያ የተሳሳተው? እኛ ዘንድ ትንፋሽ ያወጣ ልጅ ስም ይወጣለታል፣ ይሰገድበታል። ለሷ ምን ተደረገላት? ወላሂ ካልከፈትሽ በሩን እሰብረዋለሁ!»

«መሰለች፣ ደንብ አለ!» አለ ነገሪ ከኋላዬ።

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። አወጣሁት። «ደንቡን አምጣና ምሰሶው ላይ ለጥፈው» ብዬ ከፈትኩ።

ፍሬሕይወት እጇ የሳሙና አረፋ እንደያዘ ከቤቷ ወጣች። ወንዶቹ ደጇ ላይ የምሰሶ ጉድጓድ መቆፈር ጀምረዋል። «እትዬ፣ ምንድን ነው? ሙከራ እኮ ነው» አለችኝ። «አሁን ማስተካከያ እልካለሁ። ሳጥኑን ቀይሬው ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ...» የሚሰማት የለም። ሀጂራ ክንዷን ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። የሚገባው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ይቀመጣል። «እግዜር ያጥናሽ» የሚባለው ሰው ለሞተበት ነው፤ ለእሷ ከዚያ በፊት ማንም አላላትም ነበር። እሷ ግን ለእያንዳንዱ፣ «ስህተት ነው፣ ይቅርታ፣ ከሥራ አስፈታኋችሁ» ትላለች። ለስንቱ እንዲያ እንዳለች!

ዘካርያስ ከጓዳ ወጣ። ድንኳኑን አየ፤ ሰዉን አየ። ሊተከል የቆመውን ምሰሶ ከወጣቶቹ እጅ ተቀብሎ አቀፈውና እንደ ሕፃን እሪ ብሎ አለቀሰ። እሷ መንገድ ማዶ የሚያለቅስ ሰው እንደምታይ አየችው።

በመጨረሻ ነገሪ መጣ። በእድራችን ወግ ዳኛው ሳይቀመጥ ቆሞ የሟቹን ስም ይጠራና ሐዘኑን ይከፍታል። ይበትነናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስሙ ማን ነበር?» አለ።

«ክርስትና አልተነሳም፣ ጋሽ ነገሪ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም፣ ልጄ። አንቺ ምን ትዪው ነበር?»

አረፋው እጇ ላይ ደርቋል።

«ገብረወልድ» አለች። «የአባቴን ስም።» ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣት። «ጠብቷል እኮ! ሁለት ቀን ጠብቷል! አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀኝም! ጣቴን ይይዘኝ ነበር፣ ይይዘኝ ነበር እኮ!»

ሴቶቹ ግልብጥ ብለው ያዟት። ዘካርያስም ምሰሶውን ጥሎ ሄዶ አጠገቧ ወደቀ። ነገሪ ድምፁ እየተቆራረጠ «ገብረወልድ ዘካርያስ» ብሎ ጠራና ተቀመጠ።

እኔ አላለቀስኩም። ምሰሶ ቆጠርኩ፤ አንድ ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ጎደለ። ዘካርያስ የጣለው እግሬ ሥር ወድቆ ነበር፤ ዓይኔ ምን ሆኖ እንዳላየው እንጃ።

በሚቀጥለው እሑድ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። ከፈተችው። «ከአርባ ቀን በታች» የሚለው ሳጥን ቀይ ሆኗል። «‹ዝም› የሚለውን ቃል አወጣሁት» አለች። «በምትኩ ምን አደረግሽ?» አለ ነገሪ። «ምንም። እስክትሥሉት ቀይ ሆኖ ይቆያል።»

«ዝም አይነቅዝም ብዬሽ ነበር» አለ ነገሪ።

«ይነቅዛል» አልኩት እኔ።

ቀዩን ሲያይ ቆይቶ በአውራ ጣቱ ከሳጥኑ ወደ ድንኳኑ መስመር አሰመረ። ጠማማ ነበር፤ አላቃናችውም። ከዚያ ሙግቱ ሆነ። ሦስት ቀን ያለ አለ፣ ጭራሽ አይሆንም ብሎ ከእድር የወጣም አለ፤ በኋላ «አንድ ቀን ይቀመጣል» ተብሎ ተጻፈ። ትንሹ ድንኳን ይበቃል ተባለ።

ተሻላት አልልም። አሁንም እሺ ታበዛለች፤ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ ፈዝዛ የምትቀርበት ቀን አለ። ግን ባሏን ትጣላዋለች። እሑድ በግድግዳው በኩል ስትጮህበት ይሰማኛል፤ ሲመልስላትም ይሰማኛል። ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል።

ከፋሲካ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የሀጂራ ወንድም ሚስት አማል ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሕፃኗ ስም ለሚወጣበት ለሰባተኛው ቀን አልደረሰችም። ቁልፌን ይዤ ተነሳሁ፤ ትንሹን ድንኳን አስጭኜ ስደርስ ፍሬሕይወት ከሁላችንም ቀድማ ፍራሹ ላይ ከአማል አጠገብ ተቀምጣለች። አማል ደርቃ፣ የመጣውን ሁሉ «ሻይ ጠጡ» ትላለች።

ፍሬሕይወት ይተካል አላለቻትም። ጦስሽን ይዞ ይሂድ አላለቻትም። እጇን ያዘችና፣ «ምን ትዪያት ነበር?» አለቻት።